የሰፈሩ ከፋይ ቀሚስ

ሱቄ ውስጥ ከሰላሳ በላይ ጥቁር ልብስ ተሰቅሎ ነበር። በዚያው ቀን እናቷን ለምትቀብር ልጅ የሚሆን ግን አንድም አልነበረም። ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ ሊያጽናናኝ ይሞክራል፤ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ አላወቅሽ» ይለኛል። አውቅ ነበር። አደራ ተብዬ፣ እሺ ብዬ ነበር። ስለዚህ እባካችሁ አታጽናኑኝ፤ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ስሜ ሌንሳ ሙለታ ነው። ከልደታ ማርያም ወደ ፍርድ ቤቶቹ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በአንድ ራፖር ጸሐፊ መካከል የተጣበቀች የልብስ ስፌት ሱቅ አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የጠበቆችን ካባ ማጥበብና ማስፋት ነበር። ጠበቃ ችሎት ሊገባ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቁልፉ መበጠሱን ያስታውሳል፤ እኔ ደግሞ እየተሳደብኩ እተክልለታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ እንደማረጅ ነበር የማስበው።

ያረፍኩበትን ወንበር ያስለቀቀኝ ለሴት ነጋዴዎች የተዘጋጀ ስልጠና ነው። አሰልጣኛችን ቤርሳቤህ የምትባል፣ ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት የምታንስ፣ ስታወራ ትንፋሽ የማትሰበስብ ልጅ ነበረች። «ዘላቂ ፋሽን» የሚለውን ነገር የሰማሁት መጀመሪያ ከእሷ አፍ ነው። «አዲስ ጨርቅ አትፈልጉ፤ ሰፈራችሁ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ልብስ ፈልጉ፤ ከእሱ ሌላ ልብስ ፍጠሩ» አለችን። አንዷ ከሰልባጅ ጂንስ ቦርሳ እሠራለሁ አለች። ሌላዋ ከማዳበሪያ ጆንያ ዘንቢል አለች። እኔ አልጋ ሥር ያሉትን ሻንጣዎች አሰብኩ።

የእኛ ሰፈር ሴት ሰው ሲሞትባት ጥቁር ትለብሳለች። ለቅርብ ሰው ከሆነ ዓመት ሙሉ ነው። ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ታወልቀውና አጥባ፣ አጥፋ፣ ሻንጣ ውስጥ ትከተዋለች። ከዚያ በኋላ አትለብሰውም፤ አትጥለውምም። ብትለብሰው ሌላ ሀዘን የምትጠራ ይመስላታል፤ ብትጥለው ደግሞ ሟቹን የጣለች ይመስላታል። በየቤቱ ስንት ደህና ጨርቅ እንዲህ ታስሮ እንደተቀመጠ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ተነስቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ጥቁሩን ልብስ ሰብስቤ፣ ካረጁ የሀገር ልብሶች ላይ ጥለቱን ፈትቼ፣ ሁለቱን አጋጥሜ ጃኬት እሠራለሁ አልኩ። ቤርሳቤህ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። በአምስት ሳምንት ውስጥ አንድ ያለቀለት ሥራ ይዤ ዳኞች ፊት ከቀረብኩና ካለፍኩ፣ በትልቁ ኤግዚቢሽን ላይ ቦታ ይሰጠኛል ተባለ። በአርባ ሁለት ዓመቴ ሰው ለእኔ ሲያጨበጭብ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጭብጨባ ደግሞ ጆሮ ውስጥ ይቀራል።

የእድራችንን ሴቶች በየቤታቸው እየዞርኩ ለመንኩ። አብዛኞቹ ሳልጨርስ ነው ሻንጣቸውን የከፈቱት። «ውሰጂልኝ እባክሽ፣ ከቤቴ ይውጣ» ነበር የሚሉት። አንዷማ እየሳቀችም እያለቀሰችም ሸኘችኝ። በእነዚህ ልብሶች አላፍርም፤ በፈቃድ የተሰጡኝ ናቸው። የማፍረው በአንዷ ነው።

እማማ ጠጅቱ ከእናቴ ጋር ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ ኮከቤ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እናት ብዬ ደጅ የማንኳኳው የእሳቸውን ነው። ስለ ልብሱ ሳወራቸው ግድግዳ ይዘው ተነሱ፤ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ከብርሃንና ከጥላ በቀር ብዙም አያዩም። ከሻንጣቸው ሥር በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሲፈቱት ጥቁር የከፋይ ቀሚስ ነው፤ ረጅም፣ እጅጌው ሙሉ፣ እንደ ድመት ጀርባ የሚለሰልስ። ዛሬ እንዲህ ያለ ከፋይ ብትፈልጉ አታገኙም።

ይቺን ቀሚስ ከዚያ በፊትም አይቻት ነበር። እናቴ የሞተች ዕለት እማማ ጠጅቱ ይዘዋት መጥተው «ይቺን ልበሺ ልጄ» ብለውኛል። ናፍታሌን ሸተተኝ። ለቀስተኛ ፊት አሮጊት መምሰልም አልፈለግኩም። «ገዝቻለሁ እማማ» አልኳቸው። ሌላ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ጠራኝና ትቻቸው ሄድኩ።

አሁንም ቀሚሷን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው እየደባበሱ «ይቺ የኔ አይደለችም» አሉ። «የማንም አይደለችም። ከአንዷ ሀዘን ወደ አንዷ ሀዘን ስትዞር ነው የኖረችው። እኔ ባሌን ወልደገብርኤልን የቀበርኩባት ናት፤ ከኔ በፊትም ከኔ በኋላም ብዙ ሴቶች ለብሰዋታል። አሁን ደክሜያለሁ። አንቺ የልብስ አያያዝ ታውቂያለሽ፤ አንቺ ዘንድ ትቀመጥ። የምትለብሰው ያጣች ሀዘንተኛ ስትመጣ ትሰጫታለሽ፤ ዓመቷን ስትጨርስ ትመልሳለች። ሌላውን እንደፈቀድሽ አድርጊው፤ ይቺን ግን አደራ፣ መቀስ እንዳይነካት።»

«እሺ እማማ» አልኩ።

እሺ ስል ዓይኔ ከፋዩ ላይ ነበር።

ያን ጊዜ እንደማልነካት እርግጠኛ ነበርኩ፤ በእናቴ አጥንት እምላለሁ። በአቡጀዲዋ እንደተጠቀለለች ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኳት። ከሌሎቹ ልብሶች ሦስት ጃኬት ሠራሁ፤ ሦስቱም የሆቴል አስተናጋጅ ዩኒፎርም መሰሉ። ጨርቁ ስስ ፖሊስተር ነው፣ ጥለቱን ሲሸከም ይሸበሸባል። አራት ቀን ሲቀረኝ ቤርሳቤህ መጥታ አየቻቸውና ዝም አለች። ያቺ ለፍላፊ ልጅ ዝም ስትል ጉድ ፈላ ማለት ነው። «እትዬ ሌንሳ፣ ከበድ ያለ ጨርቅ የለሽም?» አለችኝ።

የለኝም ማለት እችል ነበር። እሷ እንደወጣች ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረድኳት። እማማ ዓይናቸው አያይም፣ ማን ይጠይቀኛል ብዬ አሰብኩ። ይህን ማሰቤን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናንተ ተናገርኩ።

ከታች ጀመርኩ። የቀሚሷ የታችኛው እጥፋት ወፍራም ነበር። ስተረትረው አንዱ ስፌት በሌላው ላይ ተደርቦ አገኘሁት፤ የለበሰቻት ሁሉ እንደ ቁመቷ አሳጥራ ወይም አስረዝማ ሰፍታለች። አንደኛው የመኪና ስፌት ነው። አንደኛው ቡናማ ክር። ከሁሉም ውስጥ ተደብቆ ደግሞ ሰማያዊ ክር አገኘሁ፤ ወፍራም፣ አንዱ ስፌት የጣት ያህል የረዘመ፣ አንዱ ደግሞ በጣም ያጠረ። ሳቄ መጣ። «ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ሰነፍ ናት? ለጥቁር ከፋይ ሰማያዊ ክር!» አልኩ፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። በጥርሴ ይዤ ስቤ አወጣሁትና ከቁርጥራጩ ጋር ጆንያ ውስጥ ጣልኩት። ጣልኩት አልኩ እንጂ እኔ ቤት የሚጣል ነገር የለም፤ ቁርጥራጩን ሁሉ የሶፋ ትራስ ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ። ከበሩ በላይ «ከዚህ ቤት ምንም አይጣልም» ብዬ በትልቁ አስጽፌያለሁ፤ ቤርሳቤህ በጣም ወድዳው ፎቶ አንስታዋለች።

ከዚያ መቀሱን አነሳሁ።

ጃኬቱ ያምር ነበር፤ ባያምር ይሻለኝ ነበር። ቀይና ወርቃማ ጥለት አንገቱንና ደረቱን ይዞ ይወርዳል። ግራ እጅጌው ላይ የደረቀ ሰም ነበር፤ ብተኩሰውም ብቧጥጠውም አልለቅ ስላለኝ ጥለት ደረብኩበት። ዳኞቹ ተራ በተራ እየዳሰሱ አዩት። አለፍኩ። በኤግዚቢሽኑ አርባ ትራስና ያሉኝን ጃኬቶች በሙሉ ሸጬ፣ ሌላ ትዕዛዝ ይዤ ተመለስኩ። የከፋዩን ጃኬት ግን ለናሙና ብዬ አስቀረሁት፤ በሱቄ መስኮት በኩል ለማሳያው አሻንጉሊት አለበስኩት።

እማማ ጠጅቱ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ብለው በርጩማዬ ላይ አረፍ ይላሉ። ከአሻንጉሊቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው ይመርቁኛል። «እጅሽ ይባረክ፤ የሰፈሩን ሀዘን ጌጥ አደረግሽው» ይሉኛል። አንድ ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያቺስ ደህና ናት?» አሉኝ። «ደህና ናት እማማ» አልኩ። ሌላ ወሬ አመጣሁ።

ባለፈው ግንቦት፣ የልደታ ንግሥ ባለፈ በሳምንቱ፣ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ሳልቀመጥ እማማ ጠጅቱ በአንዲት ልጅ እጅ ተመርተው ገቡ። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ እንዳለች ትባላለች፣ ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጧፍ ትሸጣለች። ሃያ ዓመት አይሞላትም። ሮዝ ሹራብና አበባ አበባ ያለበት ጉርድ ለብሳለች። ዓይኗ አብጧል።

«እናቷ ንጋት ላይ አረፈች» አሉ እማማ። «ቀብሯ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለልጅቷ የምትለብሰው የላትም። ከፋይዋን አውጪላት።»

«እማማ፣ እሷን እኮ ለሌላ ሰው ሰጠኋት» አልኩ።

«ለማን?»

«ለአንዲት ሴት። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው የምትኖረው። ባሏ ሞቶባት።»

ፊታቸው በራ። «ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ! ሴትዮዋ ዓመቷን አልጨረሰችማ፤ ትልበሳት» አሉ። ቢሰድቡኝ ነበር የሚሻለኝ። «በይ እንግዲያው፣ ከነዚህ ከጥቁሮቹ አንዱን ስጫት፤ በኋላ ታመጣልሻለች።»

የተሰቀሉትን ልብሶች ቀና ብዬ አየሁ። ሁሉም ላይ ጥለት አለ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። እናቷን የምትቀብር ልጅ ወርቃማ ጥለት ለብሳ ሬሳ አትከተልም። «እማማ፣ ይሄ እኮ...» ስል እሳቸው አልጠበቁኝም፤ እጃቸውን ዘርግተው ልብሱን አንድ በአንድ መዳሰስ ጀመሩ። እየዳሰሱ እየዳሰሱ መስኮቱ ዘንድ ደረሱ።

እጃቸው የአሻንጉሊቱ ትከሻ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ በግራው እጅጌ ወረደ። ጥለቱን በጥፍራቸው ገለጥ አድርገው፣ ከሥሩ ያለውን ደረቅ ነገር ነኩት።

«ይቺ ሰም» አሉ። «በወልደገብርኤል ሰልስት ጧፍ ያንጠባጠብኩት እኔ ነኝ።»

ውጭ የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ ይጮሃል። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ይርገሙኝ፣ በከዘራቸው ይምቱኝ ብዬ ጠበቅኩ። አልጮሁም።

«መቀስ እንዳይነካት ብዬሽ ነበር» አሉ፣ በቃ።

ጃኬቱን ከአሻንጉሊቱ ላይ ገፍፌ ምላጭ አነሳሁ። «እመልሳታለሁ እማማ፤ ሰዓት አለን፤ ጥለቱን አነሳለሁ፣ ከታች ጉርድ እቀጥልበታለሁ» እያልኩ መተርተር ጀመርኩ። እንዳለች ጠጋ ብላ «እትዬ ሌንሳ፣ ተዪው በቃ፤ ያምራል እኮ» አለችኝ። እናቷ የሞተችባት ልጅ እኔን ታባብላለች።

ከፋይ የመርፌ ቀዳዳ አይደብቅም። ጥለቱ በተነሳበት ሁሉ ፀጉሩ ተኝቶ፣ ቀዳዳው ተደርድሮ፣ ልብሱ ቁስል የሻረበት ገላ መሰለ። እኔ ግን መተርተሬን አላቆምኩም።

«የታች እጥፋቷስ?» አሉ እማማ ከበርጩማው ላይ። «የእናትሽ ስፌትስ?»

«የማን?»

«የኮከቤ ነዋ። አታውቂም እንዴ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተሰበረ። «አባትሽ ሙለታ የሞተ ጊዜ ይቺን ነው የለበሰችው። ኮከቤ አጭር ናት፣ ቀሚሷ መሬት ጠረገባት። ቀብሩ ደርሷል፤ ጥቁር ክር ብንል በየሱቁ የለም፣ ያን ጊዜ ምን ነበር? ያገኘነው ሰማያዊ ብቻ ነው። ተቀምጣ ስትሰፋ እንባው ዓይኗን ሞልቶት ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አላት። ያስገባሽላት አንቺ ነሽ። ሰባት ዓመትሽ ነበር። ክሩ ባለቀ ቁጥር እየሮጥሽ ታስገቢላት ነበር። ከሷ በኋላ የለበስናት ሴቶች የየራሳችንን ሰፋን፤ ያንን ግን ማናችንም አልተረተርነውም። ሌንሳ ታየዋለች እያልን ወደ ውስጥ አጥፈን ነው የሰፋንበት። ኮከቤ የሞተች ዕለት ላሳይሽ አምጥቼ ነበር። ገዝቻለሁ አልሽኝ።»

ምላጩን አስቀመጥኩ። ስለ አባቴ ለቅሶ የማስታውሰው ትንሽ ነው፤ የሰው እግር ብዛት፣ የድንኳኑ ገመድ። አንድ ነገር ግን ትዝ አለኝ። የክር ጫፍ በምላሴ ሳረጥብ፣ ጣዕሙ፤ ከዚያ የመርፌዋን ቀዳዳ ወደ ብርሃኑ አንስቼ አንድ ዓይኔን ስጨፍን። እናቴም «ጎበዝ» ስትለኝ። ስፌት የጀመርኩት ያን ቀን ነው ማለት ነው። የክሩን ቀለም አላስታወስኩም። ባስታውስ ኖሮ እስቅበት ነበር?

የሚሆን ነገር ስለሌለ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ለእናቴ ለቅሶ የገዛሁትን ጥቁር ቀሚስ ከሻንጣ አውጥቼ ተመለስኩ። እንዳለች ቀጭን ናት፤ ሁለት እሷን ይይዛል። ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ሰብስቤ አለበስኳት፣ ነጠላዋንም አዘቅዝቄ አደረግኩላት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቀብር ደረስን። በየእርምጃው ቀሚሱ እግሯ ሥር እየገባ ሲያደናቅፋት ከኋላ ሆኜ አያለሁ። ጊዜ ቢኖረኝ አሳጥርላት ነበር። ጊዜውን ጃኬት ስተረትር ጨረስኩት።

ለቅሶ ቤት እማማ ጠጅቱ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቀድሜ መንገር ነበረብኝ» አሉኝ። «አይደለም እማማ» አልኩ። «ነው እንጂ» አሉ። ጥፋቴን እንኳ ለእኔ አልተዉልኝም። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ልጅ እንደሚጠይቅ ሆነው፣ «ክሩንስ የት አደረግሽው?» አሉኝ።

«እፈልገዋለሁ» አልኩ።

ሥራዬን አልተውኩም፤ ተውኩ ብዬ አልዋሽም። ዛሬም የሰፈሩን ጥቁር ልብስ እሰበስባለሁ፣ ጥለት እገጥማለሁ፣ እሸጣለሁ። አሁን ግን የሚያመጡልኝን ሴቶች እያንዳንዱ ልብስ ከማን እንደመጣ፣ ማን እንደተቀበረበት እጠይቃለሁ፤ መቀስ የምነካው ሰምቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። የከፋዩ ጃኬት ጥለት አልባ ሆኖ በዚያችው አቡጀዲ ተጠቅልሏል። ለሀዘን አይሆን፣ ለደስታ አይሆን።

በእናቷ አርባ ማግስት እንዳለች ልታመሰግነኝ መጣች። ቀሚሱን እያየሁ ነበር። የታችኛውን ጫፍ ራሷ አሳጥራዋለች፤ በነጭ ክር፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። እጄ ሊያስተካክለው አሳከከኝ። «ዓመቴን ስጨርስ ለሌላ ሰው ትሰጪዋለሽ አይደል?» አለችኝ። እሰጣለሁ አልኳት። ስፌቷን አልነካሁም።

እማማ ጠጅቱ አሁንም እሁድ እሁድ ይመጣሉ። ስለ ክሩ ደግመው አልጠየቁኝም። ጆንያውን ገልብጬ ፈልጌያለሁ፤ ከኤግዚቢሽኑ የተረፉትን ሁለት ትራሶች ተርትሬ እስከ መጨረሻው ብጣሽ በትኛለሁ። የለም። ከአርባዎቹ ትራሶች በአንዱ ውስጥ ተሸጧል። ከበሬ በላይ ያስጻፍኩት ነገር ውሸት አይደለም፤ የእናቴ ክር አልተጣለም። የማን ሳሎን ውስጥ፣ ከማን ጀርባ ሥር እንዳለ ነው የማላውቀው።